መቶ ሠላሳ አንድ ልደት በአንድ ጠዋት

ፋናዬን የአትላንታ ዳርቻ በሆነችው ደንዉዲ ውስጥ የሚያውቃት ሰው ብዙ ነው፤ የሚያውቀው ግን እጇን ነው። ባለ ሰባት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ አለ፤ ከሥሩ ፓርኪንግ አለ፤ ከመውጫው ላይ ደግሞ አንዲት የመስታወት ቡዝ አለች። ከቡዟ መስኮት አንድ እጅ ብቅ ይልና ትኬት ይቀበላል፤ መዝጊያው ከፍ ይላል፤ መኪናው ይሄዳል። ያ እጅ የፋናዬ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ! ሌላ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ዓመት መስታወቱን ሰብሮ በወጣ ነበር። እሷ ግን መውጫዋን በሌላ በኩል ነበር የምታበጀው።

ጠዋት ሰው ሁሉ ቢሮው ከገባ በኋላ ለምሳ እስኪወጣ ድረስ ቡዟ ጭር ትላለች። ያን ጊዜ ፋናዬ ከእግሯ ሥር አሮጌ ላፕቶፕ ታወጣና ኢንተርኔት ላይ በነጻ ከሚሰጥ ትምህርት ኮድ መጻፍ ትማራለች። ፕሮግራመር መሆን ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አይደለም። አንዴ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጠፍታባት ሦስት ቀን ሙሉ ስትፈልግ ከረመችና፣ ስታገኛት ቡዝ ውስጥ እልል ብላ ሊወጣ የነበረውን ሹፌር አስደነገጠችው። ባሏ ሳህሌ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ቀልደኛ ነው። «ፋኒ፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይወጣዋል?» ሲላት፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ትለዋለች። እሱም «እንግዲያው አልቅሺ» ብሎ እራቱን ይበላል።

የምትለማመድበትን ሥራ ያገኘችው ከእድር ነው። አትላንታ ውስጥ እድር አለ ወይ? የሚል ሰው አይጠፋም። አለ እንጂ! ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በሱዳን በኩል በስደት የመጣውም በዲቪ የመጣውም አብሮ የሚቀባበርበት እድር ነው። አገር ቤት ቢሆን ጥሩምባ ነፊው መንደሩን እየዞረ «እገሌ አርፏል» ይላል። እዚህ ጥሩምባ ቢነፋ የሚመጣው ፖሊስ ነው። ስለዚህ የጥሩምባውን ሥራ የያዙት እትዬ ውባየሁ ናቸው፤ በአንድ ሆቴል ላውንደሪ የሚሠሩ፣ ድምፃቸው ከማጠቢያው ማሽን በላይ የሚሰማ ሴትዮ። ሞትም ሲሆን፣ ስብሰባም ሲሆን፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስልክ አንድ በአንድ ይደውላሉ።

በፈረንጆቹ 2014 ጸደይ ላይ ታዲያ የስብሰባው አዳራሽ ባለቀ ሰዓት ተቀየረ። እትዬ ውባየሁ መደወል ጀመሩ፤ መቶኛው ሰው ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸው ተዘጋ። በነጋታው ግማሹ እድርተኛ ወደ ሮዝዌል፣ ግማሹ ወደ ሎረንስቪል ነዳ። ሊቀመንበሩ ሮዝዌል፣ መዝገቡ ሎረንስቪል! ሁለቱም ወገን «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ብሎ ዳቦውን ቆርሶ በልቶ ተበተነ። በሚቀጥለው ወር ፋናዬ እጇን አወጣችና፣ «ድረ ገጽ ልሥራላችሁ። ስብሰባ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ ለሁላችንም ኢሜይል ይልካል» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እትዬ ውባየሁ ብቻ ብድግ ብለው፣ «እድሜ ይስጥሽ ልጄ! ጉሮሮዬን ገላገልሽኝ» ብለው አጨበጨቡ። በሳቸው ጭብጨባ ነገሩ ጸደቀ።

ድረ ገጹን መሥራት ቀላል ነበር። መከራው ኢሜይሉን ማድረስ ነው። መጀመሪያ ከራሷ አድራሻ ላከችው፤ የማንም ዓይን አላየውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ተክሌ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ የስብሰባውን ጥሪ ስፓም ውስጥ፣ ከክብደት መቀነሻ ኪኒን ማስታወቂያ ሥር ተቀብሮ አገኙት። «እድሩ ምነው ውፍረቴን ይነካካል?» ብለው ጠየቋት። ፋናዬ አፈረችም፣ ተናደደችም። ንዴት ደግሞ ለሷ ጥሩ አስተማሪ ነው።

ቀስ እያለች ገባት። ኢሜይል እንደ ሰው ነው፤ ማን እንደላከው ካልታወቀ በር አይከፈትለትም። ኢሜይል ማድረስን ሥራዬ ብሎ ከያዘ ድርጅት ጋር ተመዘገበች፤ ድረ ገጹ በእውነት የእድሩ መሆኑን የሚመሰክሩ መስመሮችን በየቦታቸው አስገባች። ከዚያ ለራሷ ብቻ እየላከች ስትሞክር ከረመች፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ውድ ፋናዬ» የሚል ስድሳ ደብዳቤ ደረሳት፤ እንዲህ ያከበራት ሰው በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም። በመጨረሻ ሰዓት ሞላችለት፦ ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነሳና የዕለቱን መልእክት ይልካል። የነሐሴ ስብሰባ ጥሪ የሁሉም ሳጥን ውስጥ ገባ። እትዬ ውባየሁ በዚያ ሳምንት አንድም ስልክ አልደወሉም፤ ሥራ ፈትተው ተጨነቁ ይባላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ፋናዬ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ይሄ እድር የሚያስታውሰን ስንሞት ብቻ ነው እንዴ?» አለች ለሳህሌ። «በሕይወት እያለንስ?» እናም ለእያንዳንዱ አባል በልደቱ ቀን ጠዋት የሚሄድ መልእክት ጨመረች፦ «ውድ እገሌ፣ እንኳን ተወለዱ። እድርዎ በሕይወት በመኖርዎ ደስ ይለዋል።» ሳህሌ ሲያነበው ሳቁ አላቆመው አለ። «እድር ሲናገረው ማስፈራሪያ ይመስላል እኮ!» አለ። እሷ ግን አልቀየረችውም።

በጥቅምት ሁለት ሰው ደረሰው፤ በኅዳር ሦስት። አንዲት ሴት እያለቀሰች ደውላ አመሰገነቻት። ሁሉም ሰላም፣ ሁሉም ደህና። አንድ ነገር ብቻ ፋናዬ ልብ አላለችም። የአባላቱን ስም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ ስሙን ትጽፋለች፣ ስልኩን ትጽፋለች፤ የልደት ቀኑ ጋ ስትደርስ ግን ብዙ ጊዜ የላይኛውን ኮፒ አድርጋ ታች ትለጥፈዋለች። ጃንዋሪ አንድ። ጃንዋሪ አንድ። እንዲያውም ሥራው ፈጠነልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። በስደት የመጣ ሰው ወረቀት ላይ የሚጻፈው ይሄው ነው፤ ቀኑን የማያውቀውም፣ በኛ አቆጣጠር ነግሯቸው የስደተኛ ጣቢያው ጸሐፊዎች ማስላት የሰለቻቸውም፣ ሁሉም ጃንዋሪ አንድ ይባላል። የራሷም መታወቂያ እንደዚያው ነው። ከአክስቷ ጋር ሱዳን ስትገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አክስቷም ቀኑን አታውቀውም። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው በነገሩ አይደነቅም።

ሎሬታ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ሎሬታ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የአንድ ትንሽ ሶፍትዌር ቤት ኃላፊ ናት፤ የጥርስ ክሊኒኮች ለታካሚዎቻቸው የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልኩበትን ሲስተም ይሠራሉ። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሃምሳዎቹን የጀመረች፣ ጨዋታ አዋቂ፤ አንድ በሽታ ግን አለባት፤ ቡናዋን የመኪናዋ ጣራ ላይ ትረሳና ትነዳለች። ፋናዬ ከቡዝ ወጥታ ቡናውን ስታቀብላት ዓመታት አልፈዋል። በታኅሣሥ አንድ ቀን ቡናዋን ስትቀበል ዓይኗ ላፕቶፑ ላይ አረፈ። «ይሄ ኮድ የማነው?» «የኔ።» ሎሬታ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወረደች፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ጠየቀቻት፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ እሷ እቴ!

«አንድ ቦታ ክፍት አለኝ» አለቻት። «ሰኞ ጃንዋሪ አምስት፣ አራት ሰዓት ላይ የሠራሽውን ይዘሽ ነይ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛ ሰው የሚጠቀምበት ይሁን። ባለፈው ወር አንዱ ሦስት መቶ የውሸት ስም ደርድሮ መጥቶብኝ ነበር፤ ከበር ነው የመለስኩት።» ፋናዬ ያን ቀን መሪውን ይዛ ሎረንስቪል ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ዘፈነች። ዕድል በመስኮቷ በኩል ስትመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሁለተኛ እንደማትመጣም አውቃለች።

የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሐሙስ ዋለ። ፋናዬ ሥራ አልነበራትም፤ ሻይዋን ይዛ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ልክ ሁለት ሰዓት ሲል ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ተነሳ። ዛሬ የተወለደ ማነው? ብሎ መዝገቡን ጠየቀ። መዝገቡም መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ብሎ መለሰ። ፕሮግራም አይገረምም፤ መቶ ሠላሳ አንዱንም ላከው። አንድ ደቂቃ አልሞላም። በስልኳ ላይ ከኢሜይል አድራሹ ድርጅት መልእክት መጣ፦ «አካውንትዎ ታግዷል። በአንዴ ብዙ መልእክት ልከዋል፤ ዝርዝርዎም በማሽን የተፈበረከ ይመስላል። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ውስጥ መቶ ሠላሳ አንዱ እንዴት በአንድ ቀን ሊወለድ እንደቻለ ያስረዱ።»

ፋናዬ ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘባት። ሳህሌ ከላይዋ ሆኖ አነበበና መሬት ላይ ተንከባለለ። እሱ በዲቪ የመጣ ነው፤ ማኅተም ያለው የልደት ወረቀት አለው፤ በዚህም ሲኮራ ለከት የለውም። «እናንተ እኮ መንትያ ናችሁ! መቶ ሠላሳ አንድ መንታ! እናታችሁ እንዴት ከረመች?» አለ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሳህሌ፣ ሰኞ እኮ ነው! ምን ይዤ ልሂድ?» ያኔ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሪላክስ ፋኒ። ጻፊላቸው። እውነት ነው እኮ፣ ምን ያስፈራሻል?» አላት። ጻፈችላቸው፤ ስለ ስደቱ፣ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ወረቀቱ ሁሉንም ዘረዘረች። ዓርብ መልስ የለም። ቅዳሜ የለም። እሑድማ ማን ሊመልስ!

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ፋናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ረገጠች። ሎሬታ በደስታ ተቀበለቻት። ድረ ገጹን አየች፣ ወደደችው። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ራሷን ነቀነቀች። «እስቲ ይላክና ልየው» አለች። ፋናዬ ውሸት አትችልበትም፤ የእግዱን ደብዳቤ ከፍታ አሳየቻት። ሎሬታ አነበበችው። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ የአባላቱን ዝርዝር ወደ ታች እየገፋች ማየት ጀመረች። ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ። ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ።

«ፋናዬ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እነዚህ ሰዎች የሉም፣ አይደል?»

ፋናዬ ማስረዳት ጀመረች፤ እንግሊዝኛው ከዳት። ስለ ሱዳን ስትጀምር ስለ እድር ትጨርሳለች፣ ስለ እድር ስትጀምር ስለ ጳጉሜ። ሎሬታ አላቋረጠቻትም፤ ሰምታ ስትጨርስ ግን፣ «ታሪኩ ጥሩ ነው። ያ የውሸት ስም የደረደረውም ጥሩ ታሪክ ነበረው» አለች። ከዚያ በላይ የሚያም ነገር አልነበረም። ስንት ወር የተለፋበት ነገር፣ ከነእትዬ ውባየሁ፣ ከነጋሽ ተክሌ፣ የለም ተባለ። ፋናዬ ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ቃጣት፤ ግን መልሳ አስቀመጠችው። «ሎሬታ» አለች፤ «ቡናሽን ስድስት ዓመት ሳቀብልሽ አንድ ቀን ጠብታ ጎድሎብሽ ያውቃል?»

ሎሬታ አንድ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ገፋ አደረገችላት። «የኛ ቤት የኢሜይል መላኪያ የይለፍ ቁልፍ ነው። ያንቺን አውጪና ይሄን አስገቢ። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ ላይ ላኪ። አንድ የሚተነፍስ ሰው ይመልስልሽ። አንድ ብቻ ይበቃኛል።»

ፋናዬ ላፕቶፑን ወደ ራሷ መለሰች። ቁልፉን ቀየረች። ሁለት መስመር ደግሞ ጨመረች፤ መልእክቱ በአንዴ እንዳይጎርፍ አሥር አሥር እየሆነ፣ በመካከሉ ትንሽ እያረፈ እንዲሄድ። «ይሄን ለምን ጨመርሽው?» አለች ሎሬታ። «ሐሙስ ዕለት የተማርኩት ነው።» ሎሬታ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አልታወቀም። መልእክቱ ግን ምን ይበል? ፋናዬ ብዙ አላሰበችም፦ «ውድ እገሌ፣ እውነተኛው የልደት ቀንዎ መቼ ነው? እባክዎ አሁኑኑ ይመልሱልኝ። ፋናዬ፣ ከእድሩ።» ላከችው። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ሄደ።

ሁለቱም የመልስ ሳጥኑ ላይ አፈጠጡ። አንድ ደቂቃ። ባዶ። ሦስት ደቂቃ። ባዶ። መልእክቱ የተከፈተበት ቁጥር ሲወጣ ይታያል፤ ሎሬታ ግን «ማሽንም ይከፍታል» አለች። አምስት ደቂቃ። ፋናዬ በልቧ «ኪዳነምሕረት እናቴ፣ አንድ ሰው! የኔ ዘመዶች፣ አንድ ቃል ብትጽፉ ምናለበት!» እያለች ትለማመጣለች። ሎሬታ ሰዓቷን አየች። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

የኛን ሰው የማያውቅ ነው እንግዲህ ኢሜይል የሚጠብቅ! በኛ ዘንድ ደብዳቤ የደረሰው ሰው መልስ አይጽፍም፤ ይደውላል። መድረሱን በድምፁ ካላረጋገጠ የደረሰ አይመስለውም። የፋናዬ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። እትዬ ውባየሁ ናቸው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ማስቀመጥም አያስፈልግም ነበር።

«አንቺ ፋናዬ! ኢሜይልሽ ደርሶኛል። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ! ልደትዎን ነው የጠየቅኩት።»

«ኧረ ልቤን ልታወጪው ነበር! እኔ እንኳ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነኝ፤ እናቴ ከንግሥ ስትመለስ ምጧ መጣ። ጻፊው፣ ጻፊው። ሌሎቹንም ደውዬ ልቀስቅስልሽ?»

«ኧረ ይቅር እትዬ!» አለች ፋናዬ፤ ጆሮ የሰጣት ግን የለም። ስልኩ ተዘግቶ ሳያበቃ ሌላ ጮኸ። ከሮዝዌል አንድ ነዳጅ ማደያ ያለው ሰውዬ፣ ረመዳን በገባ በስድስተኛው ቀን ነው የተወለድኩት ይላል። ሌላ ጮኸ። አንዲት ሴት፣ «ጳጉሜ አምስት ነኝ፤ ኮምፒውተርሽ አሥራ ሦስተኛ ወር አለው ወይ?» ትላለች። አንዱ ሲናገር ሌላው እየጠበቀ ጢጥ ጢጥ ይላል። አንበጣ በመጣበት ዓመት። ድልድዩ በተሠራ ሰሞን። ለቅዱስ ዮሐንስ ሦስት ቀን ሲቀረው። ሳህሌም አልቀረ፤ «ሚስቴ ልደቴን በኢሜይል ትጠይቀኝ? ይሄ እኮ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሎሬታ መጀመሪያ ወረቀት ላይ በሰረዝ ትቆጥር ነበር፤ ሃያ ሰባት ላይ ስትደርስ እርሳሱን ጣለችው። ከምትሰማው ቋንቋ አንድም ቃል አይገባትም፤ ሳቁ ግን ይገባታል፤ እሷም መሳቅ ጀምራለች።

ከዚያ ጋሽ ተክሌ ደወሉ። «ልጄ፣ ደርሶኛል። ዛሬ ስፓም ውስጥ አልገባም፤ ጎበዝ!» አሉ። ፋናዬ፣ «ጋሽ ተክሌ፣ እዚህ አንዲት ሴት አሉ፤ በእንግሊዝኛ ያነጋግሯቸው፤ እኔ ሰዎቹን ፈጥሬያቸው መስሏቸው ነው» አለቻቸው። ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሳፋሪ ያጫወቱበትን እንግሊዝኛ አወጡ። ሎሬታ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «የልደት ቀንዎ መቼ ነው ጌታዬ?» አለች።

«የትኛው እመቤቴ? የመንግሥት ወረቀቱ ጃንዋሪ አንድ ነው። የእግዜሩን አልነገረኝም። እናቴ ወልዳኝ ሞተች፤ ሰው ቤት አደግሁ፤ ማንን ልጠይቅ? ሱዳን ጣቢያ ስገባ ጸሐፊዋ ቀና ብላ ሳታየኝ ጃንዋሪ አንድ ብላ ጻፈች። ከኋላዬ የተሰለፈውንም፣ ከሱ ኋላ የነበረውንም። ያ ሰልፍ በሙሉ በአንድ ቀን ተወለደ። እግዜር ይስጣት፤ ሁላችንም አለን፤ እንተነፍሳለን።»

ስልኩ ጢጥ ጢጥ ይላል። «አያቴ» አለች ሎሬታ፤ «እዚሁ ጆርጂያ፣ ጥጥ እርሻ ላይ ነው የተወለደችው። ማንም ቀኑን አልጻፈላትም። እኛ በፋሲካ ነበር ኬክ የምንቆርስላት።» ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ ወደ ፋናዬ ዞራ፣ «አንድ ሰው ነበር ያልኩሽ፤ እኔን ከስልክ ግፊያ አድኚኝ! በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ጀምሪ። ያንን አሥር አሥሩን ነገር ለኛም ትሠሪልናለሽ» አለቻት። ፋናዬ አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን እልልታ ነው። ከጎረቤት ቢሮ ሁለት ሰው ሮጦ መጣ።

ከገና በኋላ ባለው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር፤ ሁሉም በአንድ አዳራሽ፣ ሎረንስቪል። ለፋናዬ ተጨበጨበላት፣ ተመረቀች። እሷም ቆማ ሥራዋን ዘገበች። «ከመቶ ሠላሳ አንዱ የጃንዋሪ አንድ ሰው ዘጠና አራቱ እውነተኛውን ነግረውኛል፤ ከፈረንጁ አቆጣጠር ጋር አመሳክሬ አስገብቻለሁ። ሠላሳ ሰባቱ ግን ቀኑን አያውቅም። ከነሱ አንዷ እኔ ነኝ። ለነሱ ምን እናድርግ?»

ሰው እርስ በርሱ አጉረመረመ። አንዱ እንቁጣጣሽ ይሁንላቸው አለ፣ አንዱ ዕጣ ይውጣ አለ። ጋሽ ተክሌ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲሰሙ ቆዩና ተነሱ።

«ልጄ፣ ያቺን ጥያቄ የላክሽልን ምን ቀን ነበር?»

«ጃንዋሪ አምስት ጋሽ ተክሌ።»

«የኔን እሱን አድርጊልኝ» አሉ። «ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ወይም ነው ይሉኛል። በጣቢያ ጻፉብኝ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ጻፉብኝ፣ በመንጃ ፈቃድ ጻፉብኝ። ሲጽፉብኝ ነው የኖርኩት። ተክሌ፣ እውነተኛው መቼ ነው? ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን ተጠየቅሁ።» ብለው ተቀመጡ።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣችና፣ «እኔንም ከጋሽ ተክሌ ጋር» አለች። ከመስኮቱ አጠገብ አንዱ ተነሳ፤ «እኔንም።» ከዚያ እጅ በእጅ ላይ ሆነ። ፋናዬ ላፕቶፗን ከፍታ እያንዳንዱን ስም እየጠራች ጃንዋሪ አንድን ታጠፋለች፣ ጃንዋሪ አምስትን ትጽፋለች። ሠላሳ ስድስት ሆነ። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ የራሷ ስም ቆሟል። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ ያን ቁጥር በስንት ፎርም ላይ ሞልታዋለች! አጠፋችው። አዲሱን ስትጽፍ ፊደሉ በእንባዋ ተደበላለቀባት፤ ቢሆንም አላሳሳተችውም።

ሳህሌ ከጎኗ ተቀምጦ ስክሪኑን አጮልቆ ያያል። ቀልዱን መያዝ አልቻለም። «ፋኒ፣ አሁን ደግሞ ሠላሳ ሰባታችሁም ጃንዋሪ አምስት? ያው መንታ ናችሁ እኮ!»

«ነና» አለች ፋናዬ ዓይኗን እየጠረገች፤ «ይሄንን ቀን ግን እኛ ነን የመረጥነው።»